ጁምዓ ላይ ያልተነገረው ስም

«እሺ ብሏል» አለች ረይሃና። ቃሉ ከአፏ የወጣው እሷ ራሷ ሳትዘጋጅበት ነው።

ኖህ የብስክሌቱን ሰንሰለት ዘይት የሚቀባበትን ጨርቅ እንደያዘ ቀና ብሎ አያት። ወንድሟ ኢርፋን ግን ድሮ የሚያውቀው ነገር የተነገረው ይመስል ትከሻውን ሰበቀ። አጎታቸው ቲጃኒ እንደሌሎቹ ሼባዎች አካባጅ አለመሆኑን፣ ይህንንም እሱ ከመጀመሪያው መናገሩን አስታወሳቸው። ኢርፋን ነገሮች ካለቁ በኋላ «ብያችሁ ነበር» ማለት ነፍሱ ነው።

ሦስቱም ያሉት ጅማ፣ ጅሬን ዳገት ላይ፣ እነረይሃና ጓሮ ውስጥ ነው። መሬት ላይ አራት የደብተር ወረቀት በፕላስተር ተያይዞ ተዘርግቷል፤ ነፋስ እንዳያነሳው ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል። ረይሃና ከስልክ ላይ እያየች ሁለት ወር ሙሉ የሳለችው ካርታ ነው። መንገዱ ከሰቃ ይነሳና የጊቤን ወንዝ ዳር ዳሩን ተከትሎ እስከ አሰንዳቦ ይወርዳል። ሰማንያ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ቀን፣ መሃል ላይ አንድ አዳር። የሚያድሩት የእነረይሃና እናት ወንድም የቲጃኒ ቤት ነው፤ ከወንዙ አፋፍ ላይ ካለችው ቆርቻ ከምትባል መንደር። ቅዳሜ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ሊነሱ ተቀጣጥረዋል። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ኖህ።

«ስልህ! ጁምዓ ላይ ይናገርልናል፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።»

እዚህ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት? ውሸት ግን አንዴ ከተጀመረ ዝርዝር ይወዳል። አጎቷ ሦስት ፍራሽ እንደሚያነጥፍላቸው፣ ዶሮም እንደሚያርድላቸው አከለችበት። ቲጃኒ በስልክ ስለ ዶሮ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ኖህ ግን ጨርቁን ጥሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ዓይኑ ይጠፋል፤ ረይሃናም አብራው ሳቀች።

ቲጃኒ ያለው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ የሁሉንም ደህንነት ጠየቀ፤ እናቷን፣ ትምህርቱን፣ ጎረቤቱን፣ ላሚቱን ሳይቀር። ከዚያ የደወለችበትን ጉዳይ ተናግራ እስክትጨርስ ዝም ብሎ አዳመጣትና፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አሁን እኮ ለቀማ ነው» አለ። ቡናው ቀልቷል። ዘንድሮ ከነቅርንጫፉ የሚሸመጥጡ ሌቦች ስለበዙ የወንዙ ዳር ሰዎች መስጊድ ተሰብስበው ተስማምተዋል፤ ለቀማው እስኪያልቅ የማይታወቅ ሰው በዚያ መንገድ አያልፍም። እንግዳ የሚመጣበት ሰው ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ ተነስቶ የእንግዳውን ስም ይናገራል፤ ዋስም ይሆናል። ስሙ ያልተነገረ ሰው ከተገኘ ጠባቂዎቹ «ሌባ!» ብለው ይጮሁበታል። ከተጮኸ በኋላ ማን ማንን እንደሚሰማ አላህ ይወቅ።

«አንቺና ኢርፋን የእህቴ ልጆች ናችሁ» አላት። «የእናንተን ስም ብናገር ሁሉም ያውቃችኋል። ያንን ሌላውን ልጅ ግን አይቼው አላውቅም። የማላውቀውን ሰው እንዴት ብዬ ዋስ ልሁን? ለቀማው ይለቅ፤ ያኔ ኢንሻአላህ ሦስታችሁም ኑ።»

ለቀማው ይለቅ! ችግሩ መች ሌላ ሆነና። ለቀማው ሲያልቅ ኖህ ጅማ የለም።

የኖህ አባት አቶ ሆሴዕ ቤተሰባቸውን ይዘው ከዱራሜ ጅማ የገቡት ከአራት ዓመት በፊት ነው። ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራሉ። ዘንድሮ ግን አገር ቤት ያሉት አባታቸው ስለደከሙና መሬቱ ሰው ስለሚፈልግ፣ የመጨረሻው ቡና ታጥቦ ከተሰጣ በኋላ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይመለሳሉ። ኖህ ይህን የነገራቸው መስከረም ላይ ነው፤ እንደ ቀላል ነገር፣ ጫማውን እያሰረ። በወንዙ ዳር የመሄዱን ነገር ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሲያወሩት ኖረው ነበር፤ ያን ቀን ግን ወሬ መሆኑ ቀረና ረይሃና ካርታውን መሳል ጀመረች። ኖህ የማን እንደነበረ የማይታወቅ አሮጌ ብስክሌት ለመጠገን ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ሲላላክ ከርሟል። እሷ ደግሞ ከእሱ የተሻለ ጓደኛ ኖሯት አያውቅም። እንዴት አድርጋ «አጎቴ አንተን አላውቀውም አለ» ትበለው?

ስለዚህ «እሺ ብሏል» አለች።

የአማርኛ መምህራቸው «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ማለት ይወዳሉ። ስለ ስንቁ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የረይሃና ውሸት ግን ረቡዕ ከማክሰኞ ይልቅ ከበደ።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ እናቷ ለጢፋ ስልኳን አንስታ ወንድሟ ጋ ደወለች። ልጆቿን አደራ ለማለት ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ረይሃና ሳህን እያጠበች ነበር፤ ውሃውን ዘግታ ጆሮዋን አቆመች። ቆርቻ ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው ሰው ኮረብታው ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። አልሠራም። እናቷ ደግማ ሞከረች። አሁንም አልሠራም።

«ለአንቺ እንዴት ሠራልሽ?» አለች እናቷ።

«ኮረብታው ላይ ቡና ሲለቅም አግኝቼው ነው።»

ይህቺ እንኳ እውነት ነበረች። ለጢፋ «እንግዲህ ነገ እሞክረዋለሁ» ብላ ለመንገዱ የሚሆን ጭኮ ልታዘጋጅ ገብሱን ማበጠር ጀመረች። እያበጠረችም አጎታቸው ቤት ሲደርሱ እጅ ሳይነሱ እንዳይቀመጡ፣ ያ ኖህ የሚባለው ልጅም እንዳይርበው፣ ዓይን አፋር ስለሆነ አብዝተው እንዲያቀርቡለት አዘዘቻት። ረይሃና ሳህኖቹን ሁለት ጊዜ አጠበቻቸው።

ማታ መኝታዋ ላይ ሆና አጎቷን በሐሳቧ ተከራከረችው። ሦስት ልጆች በብስክሌት ሲያልፉ ማን ሌባ ይላቸዋል? ቡና ሌባ በጠራራ ፀሐይ ብስክሌት እየነዳ ይመጣል? ደግሞ እኮ አጎቷ ከድሮም ፈሪ ነው፤ የጅማን አስፋልት ሲሻገር የሰው እጅ ይይዛል። በዚህ በዚህ ራሷን አሳምና ልትተኛ ስትል «ያንን ሌላውን ልጅ ግን አይቼው አላውቅም» ያለው ይመጣባታል። ያን ጊዜ ትገላበጣለች።

ሐሙስም የእናቷ ስልክ አልሠራም። ከሰዓት በኋላ ረይሃና ሻንጣዎቹን ልታይ ኖህ ቤት ሄደች። ሻንጣ ማለት ያው የኖህ እህት ታቢታ ከማዳበሪያ ጆንያ የሰፋቻቸው፣ ከብስክሌቱ የኋላ መጫኛ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉ ከረጢቶች ናቸው። ታቢታ በእግር በሚሠራ የስፌት መኪና የሰፈሩን ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ እጇ ወርቅ ነው። ስድስቱንም ከረጢት አሰናድታ፣ ማሰሪያ ገመድ አበጅታላቸው፣ በር ላይ ደርድራቸዋለች። ነጭ፣ ጠንካራ፣ ዝናብ የማያስገቡ።

ረይሃና አየቻቸውና ደጃፉ ላይ ቆመች። በዚህ ወር በጊቤ ዳር በሚሄድ ሰው ጀርባ ላይ ነጭ ማዳበሪያ ያየ ጠባቂ ምን እንደሚያስብ ለማወቅ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ቡናው የሚለቀመው በማዳበሪያ ነው። የሚሰረቀውም በማዳበሪያ ነው።

«ደስ አላለሽም እንዴ?» አለች ታቢታ።

በጣም ቆንጆ ናቸው አለቻት። አንዱን ከረጢት አንስታ ስፌቱን የምታይ መሰለች።

አቶ ሆሴዕ ወደ ሥራ ሊሄዱ ቦት ጫማቸውን እያደረጉ ነበር። ማጠቢያ ጣቢያው ሥራ የሚጀምረው የዕለቱ ቡና ከየገበሬው ተሰብስቦ ሲመጣ፣ ወደ ማታ ገደማ ነው። ረይሃናን ሲያዩ ጫማውን ተዉና ከጎናቸው ያለውን በርጩማ ሳብ አድርገው እንድትቀመጥ አመለከቷት። እሳቸው ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ያን ቀን ግን ተናገሩ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በዚያው በወንዙ ዳር መንገድ ወደ ሌላ ጣቢያ ለሥራ ሲሄዱ፣ ብርድ ልብሳቸውንና ቅያሪ ልብሳቸውን በማዳበሪያ አድርገው ተሸክመው ነበር። ተጮኸባቸው። ሰው ከየቡናው ውስጥ ወጣ። ኦሮምኛቸው ያን ጊዜ እንዳሁኑም አልነበረም፤ ሲደነግጡ ደግሞ ያቺው ያለቻቸውም ጠፋችባቸው። ማዳበሪያው ተፈትቶ ብርድ ልብስ ብቻ ሲገኝ እንኳ «ቡናውን የት ጣልከው?» ተባሉ። እጃቸውን በገመድ ታስረው ከጠዋት ሦስት ሰዓት እስከ ማታ ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ የሚያውቃቸው የጣቢያው ዘበኛ ሰምቶ እስኪመጣ ድረስ።

«አልመቱኝም» አሉ አቶ ሆሴዕ። «እነሱንም አልቀየምኩም፤ በእርግጥ ተሰርቀዋል። እኔም አልሰረቅኩም። ግን ያን ዕለት የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም።»

ኖህ ወለሉን እያየ የብስክሌቱን ደወል በጣቱ ያሻሽ ነበር። ይህን ታሪክ እንደሚያውቀው ያስታውቃል፤ ለጓደኞቹ ግን አንድም ቀን ነግሯቸው አያውቅም።

አቶ ሆሴዕ ቀጠሉ። ኖህ ስለዚህ ጉዞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲለምናቸው አይሆንም ብለውት ነበር። ማክሰኞ ማታ ግን መጥቶ የረይሃና አጎት ጁምዓ ላይ ስማቸውን እንደሚናገር ሲነግራቸው ልባቸው አረፈ። የወንዙን ዳር ሰዎች እሳቸው ያውቋቸዋል፤ ስሙ የተነገረን እንግዳ ውሃ አጠጥተው ይሸኛሉ እንጂ አይነኩም።

«በአጎትሽ ስም ነው የምልከው» አሏትና እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። «ጌታ ይባርክሽ ልጄ።»

ረይሃና «አሜን» አለች። ምን ትበል?

ወደ ቤቷ ስትመለስ ዳገቱን ብስክሌቷን እየገፋች ወጣችው። ሌላ ጊዜ ሳትወርድ ነበር የምትወጣው። አሜን ያለችበት አፏ እንደ እሬት መረራት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ውሸቷ የእሷ ብቻ ይመስላት ነበር፤ ለካ አንድ አባት ልጁን ሊልክበት አንስቶታል።

አርብ ትምህርት ቤቱ ለጁምዓ ብሎ ቀደም አድርጎ ይለቃል። ከኢርፋን ጋር ወደ ቤት ሲሄዱ፣ ሰው በሌለበት ቦታ አስቆመችውና ሁሉንም ነገረችው። ስልኩን፣ ዋስትናውን፣ የአቶ ሆሴዕን መታሰር። ኢርፋን የሚቆጣት መስሏት ነበር።

«አቦ አታካብጂው» አለ። «በሳይክል እኮ ነን። ቆርቻ ጋ ስንደርስ እንፈጥናለን፤ ማን ይደርስብናል? ከቆምን ደግሞ እኔ አወራለሁ። ኦሮምኛ ሞልቶኝ የለ!»

«ቢጮኹብን ማንን ነው የሚይዙት?»

ኢርፋን የቦርሳውን ማንገቻ አስተካከለ።

«አንተን ነው?»

«አይደለም» አለ። መንገዱ ላይ ያለ ጠጠር በእግሩ መታ፤ ሄዶ ሌላ መታ። ኢርፋን ወሬኛ ይሁን እንጂ ክፉ ልጅ አይደለም። ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ሌላ መላ አመጣ። ጉዞው ይቅር፤ ግን ለምን ብላ ውሸቷን ታወጣለች? እማማ ታማለች ትበል። ሰው እናቱ ታማበት ቢቀር ማን ይቀየመዋል? ኖህም አይታሰር፣ እሷም አታፍር፣ ሁሉም ሰላም።

ሐሳቡ አማለላት፤ ይህን መካድ አይቻልም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ኖህ ያዝናል፤ ግን የሚያዝነው በእሷ አይሆንም። እየሄደች ዓረፍተ ነገሩን በአፏ ሞከረችው፤ «እማማን አሟታል፤ አንችልም።» ቀላል ነበር። ችግሩ እሷ ኖህንና ቤተሰቡን ማወቋ ነው። እማማ ታማለች ከተባለ ያችኑ ዕለት ማታ የኖህ እናት ብርቱካን ይዘው፣ ታቢታን አስከትለው፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው ሊጠይቁ ይመጣሉ። አቶ ሆሴዕም ከሥራ ቀርተው መምጣታቸው አይቀርም። በሩ ላይ ቆመው «እንዴት ነሽ፣ ምንሽን ነው?» ሲሉ ለጢፋ ቆማ ገብስ ታበጥራለች። ባይመጡስ? ባይመጡም እሷ እንደገና አሜን ልትል ነው።

«አልልም» አለችው ለወንድሟ።

«እና ምን ልትዪ ነው?»

አላውቅም አለችው። ኢርፋን ሰዓቱን አይቶ ሶላት እንዳያመልጠው ሮጠ። ትንሽ ሄዶ ዞር አለና፣ «ከፈለግሽ ስመለስ አብሬሽ እሄዳለሁ» ብሎ ጮኸ። እጇን አወዛወዘችለት። ብትጠብቀው ደስ ባላት፤ ግን ከጠበቀችው ወኔዋ እንደሚከዳት ታውቃለች።

ብስክሌቷን ከጓሮ አውጥታ ቁልቁለቱን ወረደች። ከየመስጊዱ የጁምዓው ስብከት የኹጥባው ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ መንገዱ ባዶ ነው። ቆርቻም እንዲሁ እንደሚሆን አሰበች። አሁን እዚያ ያሉት ወንዶች ቡናቸውን ትተው መስጊድ ገብተዋል። ጥቂት ቆይቶ ሶላቱ ያልቃል። እንግዳ ያለበት ሰው ይነሳል፤ ስም ይናገራል። አጎቷ አይነሳም፤ የኖህ ስም አይነገርም። ሰዎቹም ወደየቡናቸው ይመለሳሉ። ፍሬኑን ሳትይዝ ነበር የምትወርደው፤ ታችኛው መታጠፊያ ላይ ልትወድቅ ለጥቂት ተረፈች።

አቶ ሆሴዕ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የኖህን የዝናብ ልብስ ቀዳዳ በማስቲሽ እየለጠፉ አገኘቻቸው። ከውስጥ የታቢታ መኪና ይንቀጫቀጫል። ኖህ ጎማ ሊያስነፋ ጋራዥ መሄዱን ነገሯትና እንድትቀመጥ በርጩማውን አሳዩዋት። አልተቀመጠችም። ብስክሌቷን እንደያዘች ቆመች።

«ጋሼ፣ አጎቴ እሺ አላለም።»

አቶ ሆሴዕ የማስቲሹን ክዳን ገጥመው መሬት ላይ አስቀመጡት። «ሐሳቡን ቀየረ?» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። «ምንም አይደል፤ ሰው ነው፤ አንዳንዴ ይቀይራል። አንቺ ምን ታደርጊ።»

እሳቸው እኮ ራሳቸው በሩን ከፈቱላት! አዎ፣ ቀየረ ብትል አለቀ። አንዲት «አዎ»። «አዎ» ምላሷ ላይ ደርሳ ነበር።

«አልቀየረም» አለች። «ማክሰኞም እሺ አላለም። ኖህን ስለማላውቀው ዋስ አልሆንም፣ ለቀማው ሲያልቅ ኑ አለኝ። እሺ ብሏል ያልኩት እኔ ነኝ። ጁምዓ ላይ ይናገርልናል ያልኩትም ውሸቴን ነው።»

የታቢታ መኪና ቆመ። አቶ ሆሴዕ የዝናብ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የለጠፉትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ይጫኑት ጀመር። ደጋግመው ተጫኑት፤ ተጣብቆ ካበቃ በኋላም አልተዉትም። ረይሃና እንዲጮኹባት ፈለገች። አልጮኹም።

«ነገ ጠዋት እጄን ጭኜበት ጸልዬ ልልከው ነበር እኮ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«በዚያ መንገድ። በእነዚህ ማዳበሪያዎች።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች። እንባዋ መጣ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። ለቀማው ሲያልቅ ኖህ ስለሚሄድ እንደሆነ፣ ጉዞው እንዳይቀርበት ብላ እንዳደረገችው ነገረቻቸው። ቤቷ ሆና ስታስበው ጥሩ ምክንያት ይመስላት ነበር። እሳቸው ፊት ቆማ ስትናገረው ግን ለራሷም ጆሮ አነሰባት።

«ጉዞው ነው ያልሽው» አሉ አቶ ሆሴዕ። «እኔ ኖህ ማታ ማታ የሚያወራልኝን ነው የምነግርሽ። ስለ ወንዙ አያወራም። ኢርፋን እንዲህ አለ፣ ረይሃና እንዲህ አለች ነው። በአስፋልቱ ሰቃ ድረስ ሄዳችሁ ብትመለሱም እሱ ግድ አልነበረውም።»

ይህን እሷ አንድም ጊዜ አላሰበችውም። ሁለት ወር ካርታ ስትስል፣ ሦስት ሌሊት ስትገላበጥ፣ ኖህን ግን አንድ ጊዜ እንኳ «በሌላ መንገድ ብንሄድስ?» ብላ አልጠየቀችውም። አንገቷን ደፋች።

ከመንገዱ ታችኛው ጫፍ የብስክሌት ደወል ተሰማ። ኖህ ቤቱ ሲቃረብ ደወሉን ያለማቋረጥ የመምታት አመል አለው፤ ጎረቤቶቹ ሲሰድቡት ሁለት ወራቸው ነው። አቶ ሆሴዕ ብድግ አሉ። የዝናብ ልብሱን አጥፈው በርጩማው ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ ረይሃናን አዩዋት። ፊታቸው አልተፈታም፤ ግን አልዞረባትም።

«እኔ ልንገረው ወይስ አንቺ?»

እሳቸው ቢነግሩት ይቀላታል። ብስክሌቷ በእጇ ነው፤ ኖህ ደጃፉ ሳይደርስ በጓሮ በኩል ብትወጣ እንኳ ማንም አይከለክላትም። ነገ በስልክ ይቅርታ ትለዋለች። ወይም ሰኞ ትምህርት ቤት፣ ሰው መሃል፣ ማውራት በማይቻልበት ቦታ።

ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«እኔ» አለች።

አቶ ሆሴዕ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ውስጥ ገቡ። በሩን አልዘጉትም።

ኖህ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። ገና ሳይወርድ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስቶ ወደ እሷ አዞረላት። «ንኪው እስቲ» አላት፤ «ድንጋይ ሆኗል።» በሳቁ ዓይኑ ጠፍቷል። ረይሃና ጎማውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። እውነትም ድንጋይ ሆኗል።

«ኖህ» አለችው፤ «ሳይክሉን አቁመውና እዚህ ጋ ና። የዋሸሁህ ነገር አለ።»